አሥራ አምስተኛው ልጅ

ዘይቱ የለም። ትናንት ማታ ከጨው ዕቃው ጎን ነበረች፤ ግማሽ ሊትር እንኳ የማትሞላ ጠርሙስ፣ አንገቷ ላይ ቀይ የሸሚዝ ቁልፍ በክር የታሰረባት። ሰፈሩ እማማ ቁልፍ የሚላት ሴት ማንበብ ስለማይሆንላት የቤቷን ዕቃ ሁሉ በቁልፍ ነው የምትለየው፤ ለስኳር ነጭ፣ ለጨው ሰማያዊ፣ ለዘይት ቀይ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በልብስ ፋብሪካ ውስጥ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ስትተክል ኖራ ጡረታ ስለወጣች ስሙም ከዚያው ተከትሏት የመጣ ነው። ዛሬ ጠዋት ግን በጠርሙሷ ቦታ ክብ የዘይት ምልክት ብቻ ቀርቷል። ሌላ ሴት ብትሆን ሰፈሩን በጩኸት አንድ ታደርገው ነበር። እሷ ግን ዘይቱ የት ሄደ ብላ ብትጠይቅ፣ ልጇ ደግሞ ዘይቱ መጀመሪያ ከየት መጣ ብሎ ሊጠይቅ ነው፤ ይሄ ጥያቄ እንዲነሳ ደግሞ በፍጹም አትፈልግም። ስለዚህ የተቀቀለውን ድንች ያለ ዘይት ምሳ ዕቃው ውስጥ ከታ፣ ክዳኑን ጠበቅ አድርጋ ዝም አለች።

ልጇ በሩ አጠገብ ቆሞ ሸሚዙን ይተኩሳል። አርባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ከእሷ ጋር በአንዲት ክፍልና በአንዲት ኩሽና ይኖራል፤ በመሃላቸው መጋረጃ አለ። በየጠዋቱ ይተኩሳል፣ ይላጫል፣ ቦርሳውን ያነግታል፣ ምሳ ዕቃውን ይቀበላል፣ ከዚያ የቀለም ፋብሪካ ሥራዬ ረፈደብኝ ብሎ ይወጣል። የቀለም ፋብሪካው ካባረረው ሦስት ወሩ ነው። ገበያው ሲሞት፣ ቤት የሚሠራ ሲጠፋ፣ ቀለም የሚገዛ ሲጠፋ፣ ሠራተኛውን በግማሽ ቀንሰው ደብዳቤ አደሏቸው። ይህን ለእናቱ አልነገራትም። እሷ ግን በሁለተኛው ቀን አውቃለች። አሥራ ሁለት ዓመት ቀለም ሲበጠብጥ አንድ ቀን እንኳ የሸሚዙ እጅጌ ንጹህ ሆኖ አያውቅም፤ አንዴ አረንጓዴ ነው፣ አንዴ ቢጫ፤ እሷ በልብስ ማጠቢያው ላይ አጎንብሳ ዛሬ የማንን ግድግዳ ነው የቀባችሁት እያለች ትስቅ ነበር። በሁለተኛው ቀን ግን እጅጌው እንደ ተኮሰው ተመለሰ። በሦስተኛውም እንደዚያው። በሳምንቱ አትክልት ሻጯ መጥታ፣ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች እየመሰላት ሰፈሩ ሁሉ እየሰማት፣ ልጅሽን መናፈሻው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ድንች ሲበላ አየሁት አለቻት። እማማ ቁልፍ ዓይኗን በጨው አጥባ የምሳ እረፍቱ ይሆናል አለች።

«ሥራ እንዴት ነው?» አለችው አሁን፣ ምሳ ዕቃውን እያቀበለችው።

«አለቃዬ ትናንት ተቆጥቶ ነበር። ዛሬ በጊዜ ግቡ ብሎናል።»

«እሱ ሰውዬ ደግሞ ሁልጊዜ እንደ ተቆጣ ነው።»

«ጓደኛሽስ? ተሻላት?»

«ትናንት ትንሽ ሾርባ ቀምሳለች። እሄድና አያታለሁ።»

እንግዲህ እንደዚያ የሚባል አለቃ የለም፤ እንደዚያች ያለች በሽተኛም የለችም። እሱ አለቃውን ፈጥሮ ሦስት ወር ሲያስቆጣው፣ እሷም ጓደኛዋን ፈጥራ ሦስት ወር ልትሞት ስትል እያተረፈቻት፣ አራት ሆነው በአንዲት ክፍል እየኖሩ ነው። ከሁሉ የሚገርመው፣ ሁለቱ የሌሉ ሰዎች ባይኖሩ እናትና ልጅ ጠዋት ጠዋት የሚያወሩት ይጠፋቸው ነበር። ሊወጣ ሲል ሦስተኛው የሸሚዙ ቁልፍ በአንዲት ክር ተንጠልጥሎ አየችው። እጇ ተነሳ። ግን ቁልፍ ለመትከል ቀርቦ መቆም አለ፣ ቀርቦ ሲቆሙ ደግሞ ዓይን ለዓይን መተያየት አለ። እጇን መልሳ ቀሚሷ ላይ ጠረገችው።

እሷ የምትደብቀውም የራሷ ጉድ አላት። ጡረታዋ የወሩ አሥራ ዘጠነኛ ቀን ላይ ያልቃል። ድሮ ወሩን ጨርሶ ለሳሙና ይተርፍ ነበር፤ ኑሮው ሲወደድ ጊዜ መንግሥት በቤታቸው ደመወዝተኛ ለሌላቸው ጡረተኞች ድጎማ እጨምራለሁ አለ፤ በዝርዝሩም ገብታ ነበር። ከዚያ ልክ ልጇ ከሥራ በወጣበት ወር ደብዳቤ መጣላት። ያነበበችላት ያቺው አትክልት ሻጭ ናት፣ እንደ ልማዷ ለመንገዱ ሁሉ፤ «በቤትዎ ደመወዝተኛ ልጅ ስላለ ድጎማው ተቋርጧል፤ ቅሬታ ካለዎት በሦስት ወር ውስጥ ያመልክቱ።» ሲኖረው ሰጧት፣ ሲያጣ ቀሟት። ሦስት ወሩ የሚያልቀው ዛሬ ነው። ዛሬ ነገ እያለች የቆየችው ልጇ አንድ ቀን እማዬ ልንገርሽ ብሎ ይቀመጣል ብላ ነው። የስንብት ደብዳቤው ቦርሳው ውስጥ እንዳለ ታውቃለች። የልጅ ኪስ ለማጠብ ሲባል ይፈተሻል፤ ቦርሳ ግን አይፈተሽም። እሷ ያላት ሕግ ይህች ብቻ ናት።

ልጇ ከመንገዱ ሲታጠፍ ጠብቃ ነጠላዋን አደረገችና ወደ አዳራሹ ሄደች። አዳራሹ የመንግሥት ቢሮዎች አንድ ላይ የታጨቁበት ነው፤ አሥራ ሁለት መስኮት አለው፤ የንግድ ፈቃዱ፣ የመንጃ ፈቃዱ፣ የሥራ ፈላጊው፣ የጡረታው። ወረፋው ከበሩ ወጥቶ፣ ግድግዳውን ታክኮ፣ ዞሮ ሽንት ቤቱ ድረስ ይሄዳል። ሥራ ያጣ ሰው ሲበዛ ወረፋ መቆም ራሱ ሥራ ሆኗል። በሩ ላይ ግን ሰሌዳ አለ፤ እማማ ቁልፍ ባታነበውም በቃሏ ይዛዋለች፤ ከሰባ ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎችና አብሯቸው የመጣ አንድ ሰው ያለ ወረፋ ይስተናገዳሉ። እሷ ሰባ ሦስት ዓመቷ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ደብዳቤውን ይዛ በመጣችበት የመጀመሪያ ቀን ነው። አንድ ላብ ያጠመቀው ሰውዬ ከኋላዋ ተጠግቶ፣ እማማ እባክሽ እናቱ ነኝ በይልኝ፣ ሱቄ ሊታሸግብኝ ነው አላት። አለችለት። ሲወጣ ሁለት ሳሙና ሰጣት። በማግስቱ ጓደኛውን ላከ። ከዚያ በኋላ እማማ ቁልፍ ዕድሜዋን ማከራየት ጀመረች። ገንዘብ አትቀበልም፤ ገንዘብ ቤት ሲገባ ከየት መጣ ይባላል። ሳሙና፣ ሩዝ፣ ዘይት። ማንንም አልሰረቅሁም ትላለች ለራሷ፤ ሽንት ቤቱ አጠገብ የቆመው ሰው ግን ቢጠየቅ ሌላ ይል ይሆናል። የበሩ ጥበቃ ሁሉንም ያውቃል፤ እሷ የዩኒፎርሙን ቁልፎች ስለምትተክልለት አያውቅም።

«ዛሬ ስንተኛው ነው?» አላት ጥበቃው።

«አሥራ አራተኛዬ። ፀጉር ሠሪዋ ናት፤ እስክትመጣ የራሴን ልጨርስ።»

«ማህፀንዎ ይባረክ እማማ።»

የጡረታው መስኮት ሰባት ቁጥር ነው፤ እዚያ ያለችው ልጅ ጥፍሯ ረጅም ነው፤ የኮምፒውተሩን ፊደል ስትነካው ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲንጠባጠብ ይመስላል። ደብዳቤውን ተቀብላ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች።

«እማማ፣ ልጅዎ ደመወዝተኛ ነው ይላል እኮ።»

«ማነው የሚለው?»

«ኮምፒውተሩ።»

«ኮምፒውተሩ ደመወዝ ሲቀበል አይቶታል?»

ልጅቷ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «የስንብት ደብዳቤውን ይዞ እሱ ራሱ ይምጣና ይፈርም። እስከ አሥር ሰዓት ነው። ከዚያ ፋይሉ ይዘጋል፤ የሚከፈተው የዛሬ ዓመት ነው።»

የዛሬ ዓመት። እማማ ቁልፍ ዓመቱን በአሥራ ዘጠኝ በአሥራ ዘጠኝ ቀን ቆራርጣ አሰበችው። ፀጉር ሠሪዋ መጥታ እማዬ እማዬ እያለች አዳራሹን አደነቆረችው፤ እማማ ቁልፍም አንዴ ብቻ በይ፣ የእውነት ልጆች ያን ያህል አይጠሩም ብላ ክንዷን ቆነጠጠቻት። ፀጉር ሠሪዋ የንግድ ፈቃዷን አሳድሳ፣ አንድ ፓኬት ማካሮኒ አስታቅፋት ሄደች። ከዚያ እማማ ቁልፍ በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ስድስት ሰዓት ሆነ። መስኮቶቹ ለምሳ ተዘጉ፣ ተከፈቱ። ወደ መናፈሻው ልትሄድ ሁለት ጊዜ ተነሳች፣ ሁለት ጊዜ ተቀመጠች። ሄዳ ፊቱ ብትቆም ምን ልትለው ነው? ድንች አፉ ውስጥ እንዳለ፣ ያ ፊቱ ድፍት ሲል ታያት። ሰባት ዓመቱ ላይ የጎረቤት መስታወት ሰብሮ ያሳየው ፊት ነው፤ ያን ጊዜም አላየሁም ብላዋለች። ለዚያ ፊት ስትል አሥራ አንድ ቀን በየወሩ ብትጾም ይሻላታል። ይሻላታል ብላ ከቆረጠች በኋላ ግን ሆዷ ጮኸ።

ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ጥበቃው ጎንበስ አለባት።

«እማማ፣ አንድ ደንበኛ ነበር። ለሥራ ፈላጊ መስኮት ነው።»

«ዛሬስ በቃኝ። የአንድም ልጅ እናት የመሆን አቅም የለኝም።»

«ሦስት ቀን ሙሉ ቆሞ ሳይደርሰው ነው የሚመለሰው። ምስኪን ነው፣ ቃል አይወጣውም። ትናንት ይሄ ነገር እንዳለ ሹክ ብዬው ዛሬ ዘይት ይዞ መጣ።»

ዘይት ሲል ቀና አለች። ከጥበቃው ትከሻ ጀርባ አንድ ሰው ቆሟል። መጀመሪያ ያየችው በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ያለችውን ጠርሙስ ነው፤ አንገቷ ላይ ቀይ ቁልፍ አለባት። ቀጥሎ ሸሚዙን አየች፤ ሦስተኛው ቁልፍ በክር ተንጠልጥሏል። ፊቱን ለማየት አልቸኮለችም።

«እኚህ ናቸው እናትህ» አለ ጥበቃው፣ ለሥራው ጥንቅቅ ያለ ሰው ነው። «ክንዳቸውን ትይዛለህ። ሲጠይቁህ እማዬ ትላለህ። እስቲ አፍህን አለማምድ።»

ልጇ አያት። አፉ ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ እንደገና ተከፈተ።

«እማዬ» አለ።

«ጎበዝ» አለ ጥበቃው። «ከመጡት ሁሉ ያማረለት ይሄ ነው። ደግሞ ይመስልዎታል።»

ክንዷን ያዘ። ከበሩ እስከ መስኮቶቹ ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው። የሲሚንቶው ወለል ላይ የእሷ ጫማ ሸርተት ይላል፣ የእሱ ቀጥ ቀጥ ይላል። ወረፋው ውስጥ ያሉት እናትና ልጅ ሲያልፉ አይተው መንገድ ለቀቁ። የሥራ ፈላጊው መስኮት፣ መስኮት አራት አጠገብ ሲደርሱ ሊቆም ሲል እሷ ጎትታ አሳለፈችው።

«መጀመሪያ ሰባት» አለች። «ደብዳቤህን አውጣ።»

«የቱን ደብዳቤ?»

«የተባረርክበትን።»

ቆመ። ቦርሳውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። «መቼ ነው ያወቅሽው?»

«በሁለተኛው ቀን።»

«በምን?»

«በእጅጌህ።»

እጅጌውን ገልብጦ አየው፤ ነጭ ነው፣ እንደ ተኮሰው ነው። ለሦስት ወር በየጠዋቱ ሲተኩስ ራሱን ሲያሳብቅ ኖሯል። ዓይኑን ከእጅጌው ሳያነሳ፣ «አንቺስ? እንዲህ እናት መሆን ከጀመርሽ ስንት ጊዜሽ ነው?» አላት።

«ሦስት ወር ሊሞላኝ ነው። አንተ አሥራ አምስተኛዬ ነህ።»

ከንፈሩ ጫፍ ላይ አንድ ነገር እንቅስቅስ አለ። ደብዳቤውን አወጣው፤ ከመታጠፉ ብዛት እጥፉ ላይ ሊቀደድ ደርሷል።

መስኮት ሰባት ላይ ያለችው ልጅ ደብዳቤውን አየች፣ ሰውዬውን አየች፣ እማማ ቁልፍን አየች። ከዚያ እጆቿን አጣመረች።

«እማማ፣ እንዲህማ አይሆንም።»

«ምኑ?»

«ጠዋት ፀጉር ሠሪ ልጅ ነበረችዎት። ሰኞ ባለታክሲው። ባለፈው ሳምንት ሥጋ ሻጮቹ፣ ሁለቱም። እኔ እኮ ከዚህ ሆኜ ሁሉንም አያለሁ፤ የሌላ መስኮት ስለሆነ ነው ዝም ያልኩት። አሁን ግን ፊርማው የእኔ ነው።»

«ይሄ የራሴ ነው።»

«ሁሉንም የራሴ ነው ነበር የሚሉት።»

ከኋላ አንድ ዱላ የያዙ ሽማግሌ፣ «የእኚህን ሴትዮ ልጆች ለብቻቸው አንድ መስኮት ብትሰጧቸው ወረፋው ያልቅ ነበር» አሉ፤ ሰው ሳቀ። እማማ ቁልፍ አሥራ አራት ጊዜ ዋሽታ አሥራ አራት ጊዜ አምነዋታል፤ አንዴ እውነት ስትናገር የሚያምናት ጠፋ። መታወቂያውን አሳዩ፤ መታወቂያው ላይ የአባት ስም እንጂ የእናት ስም የለም። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አሥር ሊሆን ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል። ልጇ ጉሮሮውን ጠረገና እውነቷን ነው እህቴ፣ እናቴ ናት አለ፤ ቃሉ ግን አሁን ጥበቃው ያለማመደው ነው የሚመስለው። ልጅቷ የሚቀጥለው ብላ ልትጣራ አንገቷን ሰገግ አደረገች።

እማማ ቁልፍ ምን እንደምትል እያሰበች ልጇን ቀና ብላ አየችው። ጉንጩ ላይ ኖራ አለ። ቀኑን ሙሉ የወረፋውን ግድግዳ ተደግፎ ሲቆም ከጆሮው እስከ አገጩ ነጭ ሆኗል፤ እንደዚህ ሆኖ ነው እንግዲህ ሰው ፊት የቆመው። እንዲያው ሳታስበው አውራ ጣቷን በምራቋ አርጥባ፣ አገጩን በሌላ እጇ ጨብጣ፣ ጉንጩን ፈገፈገችው።

«እማዬ፣ ተይ እንጂ» አለ ፊቱን እያሸሸ።

«ቁም።»

«ሰው እያየ? ተይ አልኩሽ እኮ።»

«ቁም ብዬሃለሁ፤ ገና ከጆሮህ ሥር አለ። ጥንትም ይቺን ጆሮህን መታጠብ አትወድም።»

የአርባ አንድ ዓመቱ ሰውዬ ጆሮው ድረስ ቀልቶ፣ አንገቱን ሰብሮ ቆመ። የመስኮት ሰባቷ ልጅ ረጅም ጥፍሯን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

«ይሄስ የእውነት ነው» አለች። «ሥጋ ሻጮቹን አልጠረጓቸውም ነበር።»

እማማ ቁልፍ እንደዚህ ያለ በር ሲከፈትላት ቆማ የምትጠብቅ አይደለችም። «እንግዲያው ለዚህ ኮምፒውተርሽ ንገሪው። ድጎማዬን ሲቆርጥ ልጅሽ ነው ብሎ ነው የቆረጠብኝ። አሁን ሊመልስ ሲሆን አላውቀውም ሊል ነው?»

ልጅቷ ሳቋን ሳትጨርስ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች፤ የመታወቂያውን ቁጥር አስገባች። የልጇ ፎቶ ወጣ፤ ሥሩም የእናቱ የጡረታ ቁጥር። ኮምፒውተሩ ከሁሉም በፊት ሲያውቅ ኖሯል። ደብዳቤውን ገልብጣ አስፈረመችው፣ ማህተሙን አነሳች፣ መታችው። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ድጎማው ይገባል አለች። ያለፈው ሦስት ወርስ ሲሏት፣ ያለፈው አለፈ እማማ አለች፤ እማማ ቁልፍም ለእናንተ ነው ያለፈው ብላ አጉተመተመች፣ ግን ማህተሙ እንዳይደበዝዝ ወረቀቱን እፍ እያለች ነበር። ከዚያ መስኮት አራት ሄደው ልጇ ሥራ ፈላጊ ተብሎ ተመዘገበ። ሲወጡ ጥበቃው፣ «አለቀላችሁ? ዘይቷን እንዳትረሳ፣ የሰው ድካም ነው» አለው። ልጇ ከረጢቱን በሁለት እጁ አቀበላት። እሷም እግዜር ይስጥልኝ ልጄ ብላ ተቀበለች፣ እንደ ማንኛውም ደንበኛ።

መንገዱን ሙሉ የተነጋገሩት ስለ ዘይት ዋጋ ነው። ቤት ገብታ ጠርሙሷን ክብ ምልክቷ ላይ መለሰቻት፤ ልክ ገጠመች። ማካሮኒውን ቀቅላ፣ ከዚያችው ዘይት አፍስሳ፣ ያልተበላውን የምሳ ዕቃ ድንች ጨመረችበት። መጋረጃው ተሰብስቦ ነበር፤ ፀሐይዋ ገና ስላልገባች መብራት አላበሩም። ጥቂት እንደ ጎረሱ፣ ጠዋት ጠዋት የሚያወሩት ነገር እንዳለቀባቸው ለልጇ ገባው።

«ጓደኛሽስ?» አለ በመጨረሻ።

እማማ ቁልፍ ሹካዋን አስቀመጠች። «አረፈች።»

«መቼ?»

«ዛሬ። መስኮት ሰባት አጠገብ።»

«ነፍስ ይማር» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ። «ስትሰቃይ ነው የከረመችው።»

«በጣም እንጂ። አለቃህስ?»

ልጇ ሳህኑን ሲያይ ቆየ። «እሱም ዛሬ ነው። ድንገት ነው ያረፈው።»

«በንዴት ይሆናል።»

«በንዴት ነው።»

ሁለቱም ሳቅ ይዟቸው ቀና ማለት አቃታቸው። ከዚያ እሷ ተነሳች፣ ከመደርደሪያው የመርፌ ቆርቆሮዋን አወረደች፣ መስኮቱ አጠገብ ብርሃን ባለበት አቆመችው። ነጭ ክር በምላሷ አርጥባ በመጀመሪያው ሙከራ መርፌው ውስጥ አሾለከችው። ሸሚዙን ላውልቅ ወይ አላት፤ አታውልቅ አለች። ደረቱ ላይ ተጠግታ የተንጠለጠለውን ቁልፍ ያዘች፤ እሱ ከላይ ወደ ታች ያያታል፣ እሷ ከታች ወደ ላይ ታየዋለች፤ ከሦስት ወር በኋላ መሆኑ ነው። ሊናገር አፉን ከፈተ። ይቅርታ ሊል እንደሆነ ስላወቀች ክሩን ሳብ አደረገችው።

«ቀጥ ብለህ ቁም» አለችው። «ለአለቃህ ቀብር ቁልፍህ ተንጠልጥሎ አትሄድም።»